ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ ስደትን በሕፃንነታቸው የቀመሱ የጨርጨር ገዥ

ጭሮ ከጥንትም ጀምሮ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚያልፈው ሁሉ የጨርጨርን ተራሮች ሳያይ አይሄድም። ዛሬም ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳና ከገለምሶ በርካታ ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት ይነሣሉ። ከእነርሱ ጥቂቶቹ ይሳካላቸዋል፤ አንዳንዶቹ በመንገድ ይቀራሉ፤ ብዙዎቹም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከተመለሱት መካከል አካላቸው ቤት ገብቶ ልባቸውና አእምሯቸው ገና ያልተመለሱ እንዳሉ በየቁምስናው የምናገለግል ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህም በዚህ እትም ይህችን ከተማ መቀመጫቸው አድርገው ያስተዳደሩትን፣ ራሳቸውም የስደት ልጅ የነበሩትን የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሕይወት ልንተርክላችሁ ወደድን። ዓላማችን ታሪካቸውን ለማድነቅ ብቻ አይደለም፤ ስደት በሰው መንፈስ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትና የሚጠግንበትን መንገድ ከእርሳቸው ሕይወት እንድንማር ነው።

ከመቅደላ እስከ ሕንድ

ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ከጎንደር ቤተሰብ ተወለዱ። ያ ዘመን የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ወደ ፍጻሜው የተቃረበበት፣ አገሩም በጦርነት የታመሰበት ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ሕፃኑ ወርቅነህ በአምባው ላይ ከወላጆቻቸው ተለያይተው ተገኙ። ዕድሜያቸው ገና ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባሉ መኮንን አንሥተው ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። በኋላም ኮሎኔል ማርቲን የተባሉ ሌላ መኮንን የማሳደጊያና የትምህርት ወጪያቸውን ሸፈኑ። ሕፃኑም ከሁለቱ ሰዎች ስም ተውጣጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ እናቱን ይለያል፤ ቋንቋውን መናገር የጀመረው ገና ትናንት ነው። በአንድ ቀን እናቱም፣ ቋንቋውም፣ ስሙም ከእርሱ ተወሰዱ። ያሳደጉት ሰዎች ደጎች ነበሩ፤ መግበውታል፣ አልብሰውታል፣ አስተምረውታል። ነገር ግን ማን እንደ ሆነ ሊነግሩት አልቻሉም፤ እነርሱም አያውቁምና። ወርቅነህ በሕንድ በሚስዮን ትምህርት ቤት አደጉ፤ በላሆር የሕክምና ትምህርት ተከታትለው በ1874 ዓ.ም. ገደማ ተመረቁ፤ ቆይተውም ወደ ስኮትላንድ ሄደው ተጨማሪ ትምህርት ተማሩ። ከዚያም በዛሬዋ ምያንማር፣ በዚያን ጊዜዋ በርማ፣ በሐኪምነት ተቀጠሩ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ ማለት ነው። ሆኖም ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ከማወቅ በቀር ስለ ወገናቸው የሚያውቁት አልነበረም፤ አማርኛም ከአንደበታቸው ጠፍቶ ነበር።

ሁለት የመቅደላ ልጆች

ከመቅደላ በዚያው ዓመት የተወሰዱት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በሰባት ዓመታቸው ከአምባው ወርደዋል። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ በጉዞው ላይ አገር ሳይለቁ ስላረፉ ልዑሉ አባታቸውንም እናታቸውንም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አጡ። በእንግሊዝ አገር መጀመሪያ ካፒቴን ስፒዲ የተባሉ አማርኛ የሚያውቁ ሰው አሳደጓቸው፤ ልዑሉም እርሳቸውን እንደ አባት ወደዱ። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ መንግሥት ለትምህርታቸው ይበጃል ብሎ ከካፒቴኑ ለያቸው። ከዚያ በኋላ ከአንዱ አሳዳጊ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው፣ በመጨረሻም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተዛወሩ። በየትኛውም ቦታ ደስታን አላገኙም። ሰዎች በቀለማቸው ምክንያት እንደሚያፈጡባቸው ይሰማቸው ነበር፤ ወደ አገራቸው የመመለስ ናፍቆታቸውም አልበረደም። ኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሽፋን ሕመም ታመው በ18 ዓመታቸው አረፉ። በዚያ የመጨረሻ ሕመማቸው ወቅት ተመርዣለሁ ብለው ሕክምናን አንድ ጊዜ እንቢ ብለው እንደ ነበር ይነገራል። ንግሥት ቪክቶሪያ አዝነውላቸው በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን አስቀበሯቸው፤ አፅማቸው ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውም ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2023 ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቷል።

ልዑል ዓለማየሁ የአእምሮ ሕመምተኛ ነበሩ ብለን አንፈርድም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈውን ሰው ከሩቅ ሆኖ መመርመር የሚቻል አይደለም። ሆኖም በንጉሥ ቤተሰብ የሚከበር፣ ምግብና ልብስ ያልጎደለበት ልጅ በሐዘን ሊደክም እንደሚችል ከእርሳቸው እንማራለን። የጎደላቸው እንጀራ አልነበረም፤ ሰው ነበር። ቋንቋቸውን የሚሰማ ወዳጅ፣ ሳይቀያየር አብሮ የሚቆይ አሳዳጊ፣ እንደ ብርቅ ነገር ሳይሆን እንደ ልጅ የሚያያቸው ዐይን ነበር የጎደላቸው። ወርቅነህም ይህ ሁሉ ባይሟላላቸውም፣ ዕለት ተዕለት የሚያስፈልግ ሙያ ነበራቸው፤ በሙያቸውም የሚያከብሯቸው ሰዎች ነበሩ። በኋላም ለልዑሉ ያልተፈቀደው በረከት ለእርሳቸው ተፈቀደላቸው፤ ይኸውም ወደ ወገን መመለስ ነው።

ስማቸውን መልሰው ያገኙበት ቀን

በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ዜና ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ በበርማ የነበሩት ሐኪም ልብ ወደ አገራቸው አዘነበለ። በ1891 ዓ.ም. ፈቃድ ጠይቀው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በአዲስ አበባም ድንኳን ተክለው ሕሙማንን ማከም ጀመሩ። ከመቅደላ የተወሰደ ሐኪም መምጣቱ በከተማው ሲወራ ነገሩ ከአንዲት አሮጊት ጆሮ ደረሰ። እኚህ እናት የልጅ ልጃቸው በመቅደላ ጠፍቶባቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያስቡት የኖሩ ነበሩ። መጥተውም በሐኪሙ አካል ላይ በሕፃንነት የደረሰባቸውን ጠባሳ ፈልገው አገኙ። ቻርልስ ማርቲን በዚያን ቀን ወርቅነህ፣ የእሸቴ ልጅ መሆናቸውን ዐወቁ።

ጠባሳ ብዙ ጊዜ የጉዳት ምልክት ነው፤ ለሐኪም ወርቅነህ ግን የመታወቂያ ምልክት ሆነ። ይህን ስናነብ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉ ነገር ቀና ብሎ እንዳልመሰለን ልንጠነቀቅ ይገባል። ወደ ወገናቸው የተመለሱት ሐኪም ከአያታቸው ጋር በአስተርጓሚ መነጋገር ነበረባቸው። አለባበሳቸው፣ ልማዳቸውና አነጋገራቸው የውጭ ሰው ነበር። ለእንግሊዞች ሐበሻ፣ ለሐበሾች እንግሊዝ ሆኑ። ለብዙ ዓመታትም ወደ በርማ ሥራቸው ሲመለሱ፣ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ቆዩ፤ በ1900ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ሠሩ፤ ከኢትዮጵያዊት ባለቤታቸው ከወይዘሮ ቀፀላ ጋርም ብዙ ልጆች አፈሩ። ጠቅልለው የገቡት በ1911 ዓ.ም. ገደማ፣ ከመጀመሪያው መምጣታቸው ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ከስደት መመለስ የአንድ ቀን ነገር አለመሆኑን ይህ በቂ ምስክር ነው።

በነዚህ ዓመታት የጠፋውን ቋንቋ መልሰው ተማሩ። ተምረውም አልቀሩ፤ ለተማሪዎች የሚሆን የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት በኃላፊነት መሩት። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት አቋቁመው ሠርተዋል። ከእናቱ የተነጠቀ ልጅ አድጎ ከእናቶቻቸው ለተነጠቁ ልጆች ቤት ሠራ ማለት ነው። ሐዘንን ወደ አገልግሎት መለወጥ ለቆሰለ መንፈስ ብዙ ጊዜ መድኃኒት እንደሚሆን ከዚህ እንረዳለን።

በአሰበ ተፈሪ

ጨርጨር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሌላው ግዛት አርአያ እንዲሆን የታሰበ አውራጃ ነበር። የአሰበ ተፈሪን ከተማ የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በልጅነታቸው ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ተወስደው በባዕድ ቤተሰብ ያደጉ፣ በዚያም የመድፈኛ መኮንንነት የተማሩ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ፣ በ1922 ዓ.ም. ገደማ፣ ሐኪም ወርቅነህ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። እንግዲህ ይህች ከተማችን በባዕድ አገር ባደጉ ሁለት ሰዎች እጅ የተመሠረተችና የተደራጀች ናት። ሐኪም ወርቅነህ በጨርጨር ቆይታቸው መንገድ በማሠራትና አስተዳደሩን በሥርዓት በማዋቀር ደከሙ፤ ዕድሜያቸውም በዚያን ጊዜ ከስድሳ ዐምስት በላይ ነበር።

ይህን የምናነሣው ለከተማችን ኩራት ብለን ብቻ አይደለም። ከስደት የተመለሰ ሰው ሸክም ነው የሚል አስተሳሰብ ዛሬ በብዙ ቤት አለ። የጭሮ ታሪክ ግን ተቃራኒውን ይመሰክራል። ከስደት የተመለሰው ሥራና አመኔታ ከተሰጠው ከተማ ይመሠርታል።

ሁለተኛው ስደት

የኢጣልያ ጦርነት በተቃረበ ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። ወደ አገራቸው ጠቅልለው ለመመለስ ሃምሳ ዓመት ያህል የፈጀባቸው ሰው በስተርጅና ዳግመኛ ስደተኛ ሆኑ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች፤ የሚወክሉት መንግሥትም በገዛ አገሩ ላይ መቀመጫ አጣ። ከሁሉ የከፋው ሐዘን ግን በ1929 ዓ.ም. መጣ። እንግሊዝ አገር ኢንጂነርነት ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱትና ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የተሰለፉት ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ተገደሉ። አባት በሩቅ አገር ሆነው ልቅሶ ሊደርሱ፣ መቃብር ሊያዩ አልቻሉም።

በአገራችን ልማድ ሐዘን ብቻውን አይቀመጥም፤ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ ጎረቤት እህል ይዞ ይመጣል። ስደተኛ ሲያዝን ግን ይህ ሁሉ የለም። መርዶ በሩቅ ሲደርስ እንባ የሚያፈስበት ትከሻ የሌለው ሰው ሐዘኑን ወደ ውስጥ ይቀብራል፤ የተቀበረ ሐዘንም ይበሰብሳል። ሐኪም ወርቅነህ ከቤተሰባቸው ጋር በመሆናቸውና የአገራቸውን ጉዳይ ለዓለም ማሰማትን ባለማቋረጣቸው ቆመው ተገኙ። በ1934 ዓ.ም. ነፃ ወደ ወጣችው ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያም ሰማንያ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በአገራቸው ዐረፉ።

ሊቃውንት የደረሱበት

ስደት አእምሮን ሊጎዳ እንደሚችል አባቶቻችን በናፍቆት ስም ያውቁት ነበር። ሊቃውንትም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1932 ኦደጎርድ የተባሉ የኖርዌይ ሐኪም ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኒሶታ የተሰደዱ የአገራቸውን ሰዎች መርምረው፣ ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ከባድ ሕመም ሆስፒታል የሚገቡት በአገራቸው ከቀሩት እንደሚበዙ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ምርመራ የስደተኞች ሥጋት ከአገሬው ሰው 2.7 እጥፍ፣ በስደት አገር የተወለዱ ልጆቻቸው ደግሞ 4.5 እጥፍ እንደሆነ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2016 በስዊድን 1.3 ሚሊዮን ሰዎችን የተከታተለ ጥናትም ከጦርነትና ከመከራ የሸሹት ከአንድ ዓይነት አገር በሌላ ምክንያት ከመጡት ይልቅ በዚህ ዓይነት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ66 በመቶ ከፍ እንደሚል አመለከተ።

ስለ ወገኖቻችንም የተጠና አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመና በካናዳ፣ በቶሮንቶ የሚኖሩ 342 ኢትዮጵያውያንን የጠየቀ ጥናት ከመካከላቸው 9.8 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው በሕክምና ደረጃ የሚታወቅ የድብርት ሕመም እንዳገኛቸው አስታውቋል። ይህም በደቡብ ኢትዮጵያ ከተገኘው ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ከመሰደዳቸው በፊት መከራ ያዩ፣ በስደተኞች ጣቢያ የቆዩና በደረሱበት አገርም ችግር የበዛባቸው የበለጠ ተጎድተው ተገኝተዋል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገሮችን እንያዝ። የመጀመሪያው፣ አብዛኛው ስደተኛ እንደማይታመም ነው፤ ስለዚህ ስደተኛን ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ስሕተት ነው። ሁለተኛው፣ ጉዞውን ያልተጓዙት ልጆች ከወላጆቻቸው ይልቅ ሥጋት ካለባቸው፣ የሚጎዳው መንገዱ ብቻ እንዳልሆነ ነው። መናቅ፣ ብቸኝነትና የማንነት መጥፋትም ይጎዳሉ። የወገኖቻቸው ቁጥር አነስተኛ በሆነበት ሰፈር የሚኖሩ ስደተኞች ይበልጥ እንደሚታመሙ መታየቱም ይህንኑ ያጠናክራል። ልዑል ዓለማየሁን የጎዳው፣ ሐኪም ወርቅነህንም የጠገነው ምን እንደሆነ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ለእኛ የተሰጠ አደራ

ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልቆመም። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ተጠልለው ነበር። አገር ሳይለቁ የተሰደዱት እነዚህ ናቸው። በየቤቱ የሚታየውን እናውቀዋለን። ለደላላ የተከፈለው ገንዘብ ላም ተሽጦ፣ መሬት ተይዞ የተገኘ ነው። ልጁ ባዶ እጁን ሲመለስ ዕዳው ይጠብቀዋል፤ በጎረቤት ፊት ያፍራል፤ በመንገድ ያየውን ለማንም አይናገርም። ሌሊት እየጮኸ ይነሣል፤ ምግብ ይቀንሳል፤ ከሰው ይሸሻል፤ ወይም በጫትና በመጠጥ ራሱን ይደብቃል። ልጅቷም በአሠሪዎቿ ቤት የደረሰባትን ነገር ለእናቷ እንኳ መንገር ተስኗት በዝምታ ትቀመጣለች። ቤተሰቡም ስማችን ይጠፋል ብሎ በጓዳ ይሸሽጋቸዋል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ቤት ለቤት የምትዞሩ እናንተ ይህን ከማንም በፊት ታያላችሁ። እንግዲህ አስቀድማችሁ ስለ ገንዘቡ አትጠይቁ፤ ስለ ጤናው ጠይቁ። መናገር ያልፈለገውን አታስገድዱት፤ ሊናገር ሲፈልግ ግን አትቸኩሉ፣ የሰማችሁትንም በሰፈር አታውጡ። ሳምንታት ያለፈ እንቅልፍ ማጣት፣ ለሌላው የማይሰማ ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ ሊገድለኝ ነው ብሎ መፍራት፣ መሞትን ማንሣት የሕመም ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል አድርሱት፤ ስለ ሞት የሚያወራውን ብቻውን አትተዉት። ማሰር መድኃኒት አይደለም። ጸሎትና ሕክምናም አይጣሉም፤ የሚጸልይለት ካህን ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዲያቋርጥ አይነግረውም። ከሁሉም በላይ ሥራ ስጡት፤ በመዘምራንም፣ በዕድርም፣ በቁምስናው ጉዳይም ስሙ ይጠራ።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ስለ ስደተኞች ሲያስተምሩ መቀበልን፣ መጠበቅን፣ ማሳደግንና ከማኅበረሰቡ ጋር ማዋሐድን አራት ግዴታዎች አድርገው አቅርበውልናል። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት እነዚህ አራቱ ሲሟሉ ከአንድ የጠፋ ሕፃን ምን እንደሚወጣ ያሳየናል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልረሱት አያት ባይኖሩ ኖሮ ቻርልስ ማርቲን ወርቅነህ አይሆኑም ነበር፤ ጨርጨርም ያን ገዥ አታገኝም ነበር። ዛሬም በየቁምስናችን ጠባሳቸውን ፈልጎ፣ በስማቸው ጠርቶ፣ ልጃችን ናችሁ የሚላቸውን የሚጠብቁ አሉ። እነርሱን ፈልጎ ማግኘት የሁላችን አደራ ነው።